የወንድሜ ቅልጥም፣ ከ11ኛው ቀን ጀምሮ

ረቡዕ፣ 11ኛ ቀን

ይህን ደብተር የጀመርኩት ቀኑ እየጠፋብኝ ስለተቸገርኩ ነው። «ወንድምሽ ከወደቀ ስንት ቀን ሆነው?» ያለኝ ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ነው የሚያገኘው። ለአጥንት ሐኪሙ ዘጠኝ አልኩት፣ ለጎረቤቴ ሁለት ሳምንት። ዛሬ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። የወደቀበትን እሑድ አንድ ካልኩ ዛሬ አሥራ አንድ ነው። ከእንግዲህ በዚህ ነው የምሄደው።

ወንድሜ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነው። አሥራ አራት ዓመት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ጥፍሩ እንኳ አልተነካም፤ የሥራ ጓደኞቹ «ድመቱ» ነው የሚሉት። የወደቀው ከእኔ ቤት መሰላል ላይ ነው። ጣሪያዬ ያፈስ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ «መቼ ነው የምትመጣው» እያልኩ ስነዘንዘው ከርሜ በእረፍት ቀኑ መጣ። መሰላሉን እንድይዝለት ነግሮኝ ነበር። ስልክ ጮኸና ገባሁ።

ቀኝ ቅልጥሙ ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በሰያፍ ተሰብሯል። ከጎኑ ያለው ቀጭኑ አጥንት ግን ደህና ነው። ጀሶው ከጭኑ እስከ ጣቱ ድረስ ነው። የእሱ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ ሶፋው ላይ ተኝቷል።

የእኔ ሥራ ራጅ ማንሳት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የሰው አጥንት ሳይ ውዬ ቤቴ ስገባ ሌላ አጥንት ይጠብቀኛል።

ዓርብ፣ 13ኛ ቀን

አብጧል። ጣቶቹ ግን ይሞቃሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። ትራስ ጨመርኩለት። ሥራ ረፈደብኝ።

ሰኞ፣ 30ኛ ቀን

የወር ፊልሙ ዛሬ ተነሳ። «የከሰዓቷ» የምላት ከእኔ ቀጥሎ ተረኛ የሆነችው ራጅ አንሺ ናት። ቀደም ብላ መጥታ «ለቤተሰብ ሌላ ሰው ቢያነሳ አይሻልም?» አለችኝ። አይሻልም አልኳት። አሳድጌዋለሁ፤ በአሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። እግሩን ማንም እንዲነካው አልፈልግም።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ፊልሙን ግድግዳው ላይ አብርቶ ለወንድሜ ከመጀመሪያው አስረዳው። «አጥንት ሲሰበር ደም ይፈስና እዚያው ይረጋል። የረጋው ደም ቆሻሻ እንዳይመስልህ፤ ሠራተኞቹን የሚጠራቸው እሱ ነው። ከዚያ ሰውነትህ ሁለቱን ጫፎች በለስላሳ ነገር ያያይዛቸዋል። ጆሮህን ንካው፣ እንደዚያ ያለ። ቀስ እያለ ካልሲየም ሲገባበት ይጠነክራል። በመጨረሻ የሚበሉ ሴሎችና የሚሠሩ ሴሎች ተራ በተራ እየመጡ ቅርጹን ያስተካክሉታል። ይሄኛው ዓመትም ይፈጃል።»

«የሚበሉት ከሚሠሩት ከበዙ እንደ እኛ መሥሪያ ቤት ሆነ ማለት ነው» አለ ወንድሜ።

ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ ሁለት የማያስቁ ነገሮች ተናገረ። አንደኛው፣ የቅልጥም የታችኛው ክፍል ሥጋ የለውም፣ ደምም በቅጡ አይደርሰውም። ሁለተኛው ስለ ቀጭኑ አጥንት ነው። «ደህና መሆኑ ጥሩ ይመስላል። ግን መሃል ገብቶ እየደገፈ ሁለቱን ጫፎች እንዳይገናኙ አራርቆ ይይዛቸዋል። አጥንት ደግሞ ካልተጫኑት አያድግም።»

ፊልሙ ላይ ምንም የለም። ሐኪሙ «ራጅ የሚያየው ካልሲየም ያለበትን ብቻ ነው። ፊልሙ ባዶ ነው ማለት እግሩ ውስጥ ምንም የለም ማለት አይደለም» አለ። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን አንጀቴን አራሰው፤ እስከ ቤት ድረስ ለራሴ እየደጋገምኩት ሄድኩ።

ዓርብ፣ 34ኛ ቀን

ሦስት ጠያቂ መጣ። ሦስቱም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ሄዱ። የመጨረሻው እንደወጣ ወንድሜ «እትዬ፣ ያ እንቁላል እኮ እስካሁን ገበያ ደርሶ ተመልሷል» አለኝ። ሳቅሁ። ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ግን ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጫለሁ። ጠብታው ሲወርድ ሁለታችንም እንሰማዋለን።

ሰኞ፣ 58ኛ ቀን

ሁለተኛው ፊልም። ረጅሙ ጀሶ ተፈትቶ ከጉልበት በታች ብቻ ሆነለት። ባቱ ሟሙቷል፤ በአንድ እጄ ዙሪያውን ያዝኩት።

ስብራቱ እንዳለ አለ። በስምንተኛው ሳምንት ጠርዙ መደብዘዝ ነበረበት፤ ይሄ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። በአንድ ጎን ብቻ ጭጋግ ነገር አለ፣ ወይም ያለ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ አጉልቼ አየሁት።

ራጅ አንሺ ለታማሚ ውጤት አይናገርም። ገና ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ እያለ «እንዴት ነው?» አለኝ።

«እየያዘ ነው» አልኩት።

ሐኪሙ «ዘገምተኛ ነው» ብቻ አለ።

ማክሰኞ፣ 66ኛ ቀን

በኮሪደሩ ሳልፍ ሐኪሙ ከነርሷ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። «ካልያዘ እንከፍተዋለን። ከዳሌው አጥንት ወስደን በብረት እንገጥመዋለን።» ስለ ማን እንደሆነ አልሰማሁም። የቅልጥም ስብራት ያለበት አምስት ታማሚ አለው።

ለወንድሜ አልነገርኩትም። አባታችን ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ በእግሩ አልወጣም። ወንድሜ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የአባታችንን ጫማ ታቅፎ ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጫማውን ከእጁ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ 71ኛ ቀን

ሾፌሩ መጣ። የመስመር ሠራተኞቹን መኪና የሚነዳው ነው፤ ከወንድሜ ጋር ነፍስና ሥጋ ናቸው። ብርቱካን ይዞ መጥቶ ግማሹን ራሱ በላው። ሲወጣ በር ላይ ጠጋ አለኝ።

«እትዬ፣ አለቃችን ቦታውን የሚይዝለት እስከ መቶ ሠላሳ ቀን ነው። እስከዚያ ሐኪሙ ‘መሥራት ይችላል’ ብሎ ካልጻፈለት ሌላ ሰው ያስገባል። ምሰሶ መውጣት ያቃተውን ስልክ ክፍል ነው የሚወረውሩት። ‘መብራት ጠፋብኝ’ የሚል ሰው ስድብ ሲሰማ መዋል ነው።»

«እሱ ያውቃል?»

«ከእኔ በፊት ነው የሚያውቀው። ላንቺ አልነገረሽም?»

አልነገረኝም። የአለቃውን ደብዳቤ ጋዜጣ ውስጥ ደብቆት አገኘሁት። እኔ እንዳልጨነቅ ብሎ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ መሰላል ለቅቄ ስልክ የማነሳ ሰው ነኝ። ስልኩ ደግሞ ስህተት ቁጥር ነበር።

ሰኞ፣ 86ኛ ቀን

መስኮቱ ላይ ካለው ጣሳ ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ አገኘሁ። አሥራ ሰባት ነው።

«ሲጋራ የደም ሥርህን እንደሚያጠበው ሐኪሙ ስንት ጊዜ ነገረህ? ያችኑ የምትደርሰውን ደም ልትከለክላት ነው?»

«በቀን አምስት ናት እትዬ።»

«አምስት የሚል ሰው አሥር ነው የሚያጨሰው።»

«እና እዚህ ሶፋ ላይ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?» አለኝ። በአንድ እግሩ ተነስቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደ፤ ክራንቹ ወለሉን ሲመታ ሆን ብሎ ነበር።

ተናድጄ ዋልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀለል ብሎኝም ነበር። ያዘገየው ሲጋራው ከሆነ እኮ... ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ሐሙስ፣ 89ኛ ቀን

ትናንት ፓኮውን ጣልኩበት። ዛሬ ጣሳው ውስጥ ቁራጭ ሲፈልግ አይቼ ሄጄ ሌላ ገዛሁለት።

ዓርብ፣ 97ኛ ቀን

ሐኪሙ ቁርጡን ተናገረ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀሶውን ፈትተን እናየዋለን። ፊልሙ ላይ ድልድይ ካየሁ እንዲረግጥበት እፈቅዳለሁ። ካላየሁ መክፈት አለብን።»

«ዶክተር፣ ድልድዩ ትንሽ ቢሆንስ?» አለ ወንድሜ።

«ትንሽም ቢሆን ድልድይ ይሁን።»

በታክሲ ስንመለስ ወንድሜ በመስኮቱ በኩል ምሰሶዎቹን እያየ መጣ። ቤታችን አጠገብ ስንደርስ «እኔ አልከፈትም፤ ከነስብራቴ እኖራለሁ» አለኝ። ባለታክሲው ለእሱ የተነገረ መስሎት «ምን አልክ?» አለ።

እኔ ምን እንዳለ ሰምቻለሁ።

ሰኞ፣ 114ኛ ቀን

ጀሶው ተፈታ። ሐኪሙ ስብራቱን ከላይና ከታች ይዞ ጫን ጫን አደረገው። «ለእጄ ጠንካራ ይመስላል። እንግዲህ ፊልሙ ይወስን» አለ።

የከሰዓቷ በሩ ላይ ነበረች። «ላግዝሽ?» አለች። አያስፈልግም ብዬ ዘጋሁት። እግሩን ስለሚያመው ከጉልበቱ ሥር ትንሽ ትራስ አደረግሁለት። ሦስት ጊዜ አነሳሁት። በመጀመሪያው ተንቀሳቅሶብኝ ነበር፣ በሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛው ጥሩ ወጣ። ሁለቱን አጠፋኋቸው፤ የተበላሸ ፊልም ማጥፋት የተለመደ ነው።

ሐኪሙ ሦስተኛውን ብዙ አየው። በእስክሪብቶው እየጠቆመ «እዚህ ጋ ድልድይ ያለ ይመስለኛል። አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ሐኪም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

«እኔ አንሺ ነኝ እንጂ አንባቢ አይደለሁም ዶክተር» አልኩት። ይህ ደግሞ እውነት ነው።

በክራንች እየታገዘ እንዲረግጥበት ፈቀደ። ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ እያየ እጄን ሳመኝ።

ማክሰኞ፣ 115ኛ ቀን

የምጽፈው የለም። ደክሞኛል። ከተንቀሳቀሰ ምን ላድርግ፤ ሁሉም ሰው ይንቀሳቀሳል።

እሑድ፣ 120ኛ ቀን

ያለ ክራንች ሳሎኑን አቋረጠ። ሾፌሩ ጭብጨባውን አቅልጦ «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» ሲል፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ የሆነው ወንድሜ እንደ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ። ተቀበልኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ዓይኔ ከእግሩ አልነሳ አለኝ። ሾፌሩ «ምነው እትዬ፣ የሰው እግር አይተሽ አታውቂም?» አለኝ።

ሰኞ፣ 128ኛ ቀን

ወረቀቱ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት። ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ። አለቃው ለሁለት ሳምንት መሬት ላይ እንዲሠራ፣ ከዚያ ቀበቶውን እንዲታጠቅ ነገረው። ክራንቹን ዘበኛው ጋ ትቶ ገባ አሉ። ማታ ስልክ ደውሎ ስለ ገመድና ስለ ምሰሶ ሰዓት ሙሉ አወራኝ፤ ወደ ቤቱ ተመልሷል፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ሶፋው ላይ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ 137ኛ ቀን

ልጠይቀው ሄድኩ። በር ሲከፍት በግራው ነው የቆመው። «ጡንቻዬ ነው፣ ሥራ ለምዶ እስኪመለስ ነው» አለ። ሻይ ሊያፈላ ወደ ውስጥ ገብቶ ማቃሰቱን ሰማሁ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል።

የከሰዓቷ ዛሬ ሰው በሌለበት «ያን ቀን ሁለት ፊልም አጥፍተሻል፣ መዝገቡ ላይ አየሁት» አለችኝ። ተንቀሳቅሶ ነው አልኳት። «እሺ» አለች። መዝገቡን ዘግታ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ 141ኛ ቀን

አብጧል። ሲነካ ይተኩሳል። አጥንቱ ወደ ውስጥ ትንሽ ዘምሟል፤ ሌላ ሰው ላያየው ይችላል፣ እኔ አየሁት።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አድርጌ፣ አልሮጥኩ፣ አልዘለልኩ፣ ወተት በቀን ሁለት ጊዜ ጠጥቼ አለ። እውነቱን ልነግረው ነበር። «ሲጋራው ነው» አልኩት።

ፓኮውን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ጨመቀው።

ማክሰኞ፣ 143ኛ ቀን

ከእሑድ ጀምሮ አንድም አላጨሰም። ያልበዋል፣ እህል አይቀምስም። «በገዛ እጄ ነው ያበላሸሁት፤ አንቺ ይህን ያህል ደክመሽልኝ» ይላል። አይዞህ አልኩት።

ከአይዞህ ሌላ የምለው ነበረኝ።

ሰኞ፣ 149ኛ ቀን

ያነሳችው የከሰዓቷ ናት። ሐኪሙ ራሱ «ዛሬ አንቺ ውጪ ጠብቂ፣ ጥሩ መስለሽ አልታየሽኝም» አለኝ። የታማሚ ቤተሰብ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሺህ ሰው እዚያ አስቀምጫለሁ። ቀዝቃዛ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ክፍተቱ ወለል ብሎ ይታያል። ጫፎቹ ድቡልቡል ሆነዋል፣ ነጣ ብለው ተደፍነዋል፤ አጥንቱ መገናኘቱን ትቶ ለየብቻ ለመኖር የወሰነ ይመስላል። ሐኪሙ የዛሬውንና የ114ኛውን ቀን ፊልም ጎን ለጎን አብርቶ አየ። «ድልድዩ የት ሄደ?» አለ። ለማንም አልነበረም የጠየቀው።

ማክሰኞ፣ 150ኛ ቀን

እዚህ እንኳ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው።

ጨረሩ በስብራቱ መስመር ልክ ሲገባ ክፍተቱ እንደ ጥቁር ክር ይታያል። እግሩን በትንሹ ወደ ውጭ ካዞርከው ግን ቀጭኑ አጥንት መጥቶ ስብራቱ ላይ ይደረባል፤ ክሩ በነጭ ይሸፈናል። ጀማሪ ተማሪ ይህን ይሳሳታል፣ እኔም ተማሪዎቼን «አሰልፉት፣ ድጋሚ አንሱት» እያልኩ ስገሥጽ ኖሬያለሁ።

በ114ኛው ቀን የመጀመሪያው ፊልም ቀጥ ያለ ነበር። ክሩ ነበረ፣ ከዳር እስከ ዳር። ሁለተኛውን ሳነሳ ትራሱን ትንሽ ገፋሁት፤ ግማሹ ተሸፈነ። ሦስተኛውን ሳነሳ በደንብ ገፋሁት። የጎኑንም እንዲሁ። እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ወንድሜ ትንፋሹን እንኳ ይዞ ነበር የተኛው፣ እኔን ላለማስቸገር።

ለራሴ ያልኩት ይህን ነው፦ ለስላሳው ውስጥ አለ፣ ራጅ አያየውም፣ ሲረግጥበት ይጠነክራል፣ እኔ ጊዜ ብቻ ነው የምገዛለት። ቢላ ይቀርለታል፣ ቦታውም አይሄድበትም። ምናልባት ሌላም ነገር ነበረኝ። ያ ፊልም ጥሩ ከወጣ የመሰላሉ ነገር ያበቃል ብዬ ነበር።

ሐኪሙ ያኔ ከፍቶት ቢሆን ኖሮ ጫፎቹ ገና አልተደፈኑም ነበር። አራት ሳምንት ረገጠበት፣ ተፋጩ።

ሐሙስ፣ 152ኛ ቀን

ለሐኪሙ ነገርኩት። ቢሮው ውስጥ፣ ቆሜ። ሲሰማኝ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ እስክጨርስ አላነሳውም።

«ባትደብቂውም ላይይዝ ይችል ነበር፣ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ግን አሁን ይህን ማናችንም ማወቅ አንችልም» አለ። ቀጠለና «አንቺ ያነሳሽውን ፊልም እኔ ሁለት ጊዜ አይቼ አላውቅም። አንቺ ነሻ፣ ለምን አያለሁ» አለኝ። ቢጮህብኝ ኖሮ ይህን ያህል አያመኝም ነበር።

ለክፍሉ ኃላፊ ራሴ እንድናገር አዘዘኝ። ተናገርኩ። አንድ ወር ከማሽኑ ታግጄ ካርድ ክፍል ተመደብኩ። ከዚያ በኋላ ሰው አጠገቤ ቆሞ ነው የምሠራው።

ዓርብ፣ 153ኛ ቀን

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ወንድሜ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ማስቲካ ተቆልሏል፣ በሲጋራው ፈንታ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ትራሱን፣ ሦስቱን ፊልም፣ መሰላሉን ጭምር። መሰላሉን ሳነሳበት «እሱን እኔም አውቃለሁ፣ ስልክ ጮኾ ነው» አለ፣ እንደ ተራ ነገር።

ማስቲካዎቹን በእጁ ወደ ጎን ገፋ።

«የፊልሙስ ይሁን፤ ቢላውን ስለምፈራ ነው ያደረግሽው። እኔ ራሴ ‘ዋሺልኝ’ ብዬሽ ሊሆን ይችላል፣ በአፌ ባልልም። ግን እሑድ ዕለት ምን አጠፋሁ ብዬ ጠየቅሁሽ። እያወቅሽ ‘ሲጋራው ነው’ አልሽኝ።»

«አዎ።»

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እግሬን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው የከረምኩት እኮ።»

ሲጋራውም አላገዘውም ልል አሰብኩ፤ ሐኪሙም እንዲህ ይላል፤ እውነት ነው። አላልኩትም። እውነትን ለመሸሸጊያ ስጠቀምበት የመጀመሪያዬ አይሆንም ነበር።

«ሂጂ አሁን» አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ደረጃውን ስወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጎረቤት «ታመሙ እንዴ?» አሉኝ። ትንሽ ደክሞኝ ነው አልኳቸው።

ሰኞ፣ 163ኛ ቀን

በመጨረሻ ራሱ እሺ ብሎ ከፈቱት። አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መሃል የገባውን ጅማት የመሰለ ነገር ጠርገው፣ የተደፈኑትን ጫፎች ደም እስኪታይ ፍቀው፣ ከዳሌው አጥንት ወስደው፣ በብረትና በስምንት ብሎን ገጠሙት። ከቀጭኑ አጥንት ቁራጭ ቆርጠው አወጡ፣ ጫፎቹ እንዲገናኙ።

የፈቃዱን ወረቀት የፈረመለት ሾፌሩ ነው። «የቤተሰብ ፊርማ» የሚለው ላይ «ጓደኛ» ብሎ ጻፈ። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችኝም።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ወጣ። በአልጋ ነው፣ ግን ወጣ።

ረቡዕ፣ 165ኛ ቀን

ሾርባ ወሰድኩለት። ጠጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፣ ለጎረቤት እንደሚባለው።

ሰኞ፣ 170ኛ ቀን

ከሆስፒታል ሲወጣ ሾፌሩ ቤት ሄደ፣ ምድር ቤት ነው። ቀበቶውንና ጓንቱን ከሥራ ቦታ ሾፌሩ አምጥቶለታል፤ ሳጥኑ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሲሻለው ስልክ ክፍል ይገባል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሾፌሩ ነው። «አይዞሽ እትዬ፣ ቂመኛ አይደለም» አለኝ። አለመሆኑን አውቃለሁ። ቂመኛ ቢሆን ኖሮ ምክንያት ይሆነኝ ነበር።

ካርድ ክፍሉ አቧራማ ነው። በስም ፊደል ተራ አስቀምጣለሁ። ማንንም አልጎዳም።

ሰኞ፣ 205ኛ ቀን

ከኦፕራሲዮኑ ስድስት ሳምንት። ወደ ማሽኑ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ የከሰዓቷ አጠገቤ ትቆማለች፣ እኔ አነሳለሁ። ወንድሜ ዛሬ እንደሚመጣ አውቄ ከጠዋት ጀምሮ እሷ እንድትተካኝ ነግሬያት ነበር። በክራንች ገባ፣ ሾፌሩ ውጭ ቀረ። እኔ ልወጣ በሩን ይዣለሁ።

«እሷ ታንሳኝ» አለ ለከሰዓቷ፣ እኔን ሳያይ በእጁ እየጠቆመኝ። «ግን ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሩልኝ።»

በእኛ ክፍል ስክሪን ወደ ታማሚ አይዞርም። የከሰዓቷ አየችኝ። ሄጄ አዞርኩት።

እግሩን አስተካከልኩ። ጠባሳው ከጉልበቱ በታች ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል፣ በጣቴ ላለመንካት ተጠነቀቅሁ። ትራስ አላደረግሁም። ቀጥ አድርጌ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን አነሳሁት። ብረቱ መጣ፣ ስምንቱ ብሎኖች፣ ከዳሌው የተወሰደው ፍርፋሪ አጥንት። በፍርፋሪው መሃል ጥቁር መስመር።

«ጥቁሩ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ስብራቱ ነው።»

«ክፍት ነው?»

አፌ የለመደው ቃል ተዘጋጅቶ ነበር። «ክፍት ነው» አልኩት። «እስካሁን የያዘ ነገር አይታየኝም። ውስጥ ለስላሳው ጀምሮ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። አላውቅም።»

ስክሪኑን ብዙ አየው። ክንዱን ተመርኩዞ ጠጋ ብሎ መስመሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ተከተለው። የከሰዓቷ መዝገቡ ላይ ቀኑን ጻፈች።

«አሁን አመንኩሽ» አለኝ፣ ተነስቶ እንዲቀመጥም እጁን ሰጠኝ።